በአንድ ከተማ ሁለት አስጎብኚ፦ በሴንት ፒተርስበርግ የግል አስጎብኚ የቀጠርንበት ጉዳይ

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አራት ሆነን ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተጓዝን። አጎቴ፣ ባለቤታቸውና እኔ ከአዲስ አበባ ስንነሣ፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከምትሠራበት ከዱባይ መጥታ ተቀላቀለችን። የጉዞው ባለቤት አጎቴ ናቸው። ከ1971 እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ፣ ከተማዋ ገና ሌኒንግራድ በምትባልበት ዘመን፣ ምህንድስና የተማሩት እዚያ ነው፤ ከተመረቁ በኋላ ግን አንድም ቀን ተመልሰው አላዩዋትም። አስጎብኚ እንቅጠር የሚል ሐሳብ ሲነሣ መጀመሪያ የተቃወሙትም እሳቸው ነበሩ። «አምስት ዓመት የኖርኩበትን ከተማ ማን ሊያስጎበኘኝ ነው?» አሉ። ልጃቸው ልታግባባቸው ብትሞክርም አልሆነላትም፤ እኔም በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነገሩን አላጠበቅሁትም።

ክርክሩን የፈታልን አንድ ወጣት የታክሲ ነጂ ነው። ከሞስኮ በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ያህል ተጉዘን እንደደረስን አጎቴ በቀጣዮቹ ቀናት ሊያሳዩን ያሰቧቸውን ቦታዎች በሩስኛ ዘረዘሩለት። ልጁ ዤልያቦቭ የሚባል ጎዳና አላውቅም አለ፤ ኪሮቭስኪ ፕሮስፔክትንም አላውቅም አለ፤ ሚር አደባባይ የተባለው የሜትሮ ጣቢያም በስልኩ ካርታ ላይ ሊገኝ አልቻለም። ቦታዎቹ ሁሉ ቆመው አሉ፤ ስማቸው ነው የሄደው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1991 የጥንት ስሟን ስታስመልስ ብዙ ጎዳናዎቿም አብረው ተመለሱ፤ ዤልያቦቭ ቦልሻያ ኮንዩሼናያ ሆነ፣ ኪሮቭስኪ ካሜንኖኦስትሮቭስኪ ሆነ፣ ሚር አደባባይ የተባለው ጣቢያም በ1992 ሴናያ ተባለ። አጎቴ ከተማዋን በቃላቸው ያውቋታል፤ የሚጠሯት ግን ዛሬ ማንም በማይጠራበት ስም ነው። ሆቴል ገብተን ሻይ ስንጠጣ «በሉ እንግዲህ፣ የሚያሳይ ሰው ፈልጉ» አሉን።

የመጀመሪያው ምርጫችን ስሕተት ነበር። ይሁን እንጂ ማንም በእኛ ቦታ ቢሆን ሊያደርገው የሚችል ስሕተት ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። በከተማዋ ትምህርቱን የሚከታተል አንድ የአገራችን ልጅ አጎቴ በሚያውቁት ሰው በኩል አገኘን። ትሑት፣ ሩስኛው የተባ፣ ሜትሮውንና አውቶቡሱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ የጠየቀውም ክፍያ ኋላ የቀጠርናት ባለሙያ ከጠየቀችን ግማሽ አይሞላም። ከሁሉም በላይ አማርኛ ይናገራል። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ለማያውቁት ለአጎቴ ባለቤት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የክፍያውን ግማሽ በቀብድ መልክ ሰጠነው። በጥሬ ገንዘብ ነው የሰጠነው፤ ምክንያቱም ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሩስያ ውጭ በሚገኙ ባንኮች የተሰጡ የቪዛና የማስተርካርድ ካርዶች በአገሪቱ ውስጥ አይሠሩም። የአጎቴ ልጅ ይህን የተረዳችው የዱባይ ካርዷን ለሆቴሉ ሠራተኛ ዘርግታ ሠራተኛው ራሱን ሲነቀንቅ ነው። ደግነቱ ከአዲስ አበባ የመጣነው ዶላር ይዘን ነበር፤ ፓስፖርት አሳይተን ባንክ ውስጥ መነዘርን።

ማክሰኞ ጥቅምት 5 ቀን ጠዋት ከቪቴብስኪ ባቡር ጣቢያ ተነሥተን ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ካለበት ከጻርስኮዬ ሴሎ ደረስን። ይህ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1837 የተከፈተ በሩስያ የመጀመሪያው ነው፤ ልጁ ይህን ባይነግረንም ጣቢያው ራሱ ይናገራል። ብርዱ የጥቅምት መሆኑ ነው፣ ሰማዩም ዝቅ ብሎ ደመና ተጭኖታል። ከጣቢያው በአውቶቡስ ሄደን፣ ቅጠሉ በረገፈው መናፈሻ ውስጥ አልፈን፣ በሰማያዊና በነጭ ቀለም የተዋበው የካትሪን ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ስንቆም የወርቅ ጉልላቶቹ አብረቀረቁልን፤ በሩ ግን ዝግ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ይዘጋል። ልጁ ደነገጠ፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የመጣው ቅዳሜና እሑድ ኖሯል። ቶሎ ብሎ «እንግዲያስ ወደ ከተማ ተመልሰን ገጣሚው ፑሽኪን የሞተበትን ቤት እንይ» አለ። ተመለስን። በሞይካ ወንዝ ዳር ቁጥር 12 ላይ ያለው ያ ቤትም ማክሰኞ ይዘጋል። በዚያች ቀን ከሰባት ሰዓት በላይ መንገድ ላይ ቆይተን ያየነው ሁለት የተዘጋ በር ነው።

ምሽት ላይ ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ቀብዱን ልመልስልዎ» አለ። አጎቴ «ተው የኔ ልጅ፣ እኔም እዚሁ አገር ተማሪ ሆኜ እርቦኝ ያውቃል» ብለው ቀሪውንም ጨምረው በእጁ አስያዙት። እኔ ሒሳብ ያዥ ስለነበርኩ የዚያን ቀን ወጪ በማስታወሻዬ ላይ ሳሰፍር ርካሹ አስጎብኚ በመጨረሻ ከውዱ የበለጠ እንዳስወጣን አየሁ፤ ግማሹን ዋጋ ከፍለን አንድ ሙሉ ቀን አጥተናልና። የገንዘቡን ልክ እዚህ ያላሰፈርኩት የሩብል ምንዛሪ ስለሚዋዥቅ ዛሬ ለሚያነብ ሰው ስለማይጠቅም ነው።

ጥፋቱን በልጁ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ እኛም የመዝጊያውን ቀን አልጠየቅንም። ደግሞም ልጁ የተማረው ሌላ ሙያ ነው። በዚያው ሌሊት ነገሩን ሳጣራ ከዚህ የከበደ ጉዳይ እንዳለ ተረዳሁ። ሩስያ በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አስጎብኚነት የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሙያ ሆኗል፤ የተሰጠው የእፎይታ ጊዜም በ2023 አጋማሽ ላይ አብቅቷል። አስጎብኚ ለመሆን የሚሻ ሰው በመሠረቱ የአገሪቱ ዜጋ መሆን አለበት፤ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ያልፋል፤ ምስክርነቱም ለአምስት ዓመት የሚያገለግልና ፈተናውን ለወሰደበት ክልል ብቻ የሚሠራ ነው። ስሙ በኢንተርኔት ማንም ሊያየው በሚችል የፌዴራል መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ በሥራ ላይ ሳለም በደረቱ ላይ መታወቂያ ካርድ ያንጠለጥላል። ስለዚህ የውጭ አገር ተማሪ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እንደ አስጎብኚ ገንዘብ ተቀብሎ መሥራት አይፈቀድለትም። በእኛ ዘንድ የአገር ልጅን መርዳት የተለመደ ደግነት ስለሆነ፣ ሳናውቅ ልጁን ከኑሮውና ከትምህርቱ ጋር ሊያጣላው ወደሚችል ሥራ እንደገፋነው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በፍለጋ አሳለፍን። እንግሊዝኛ ከሚናገሩና በመዝገቡ ላይ ስማቸው ካለ አስጎብኚዎች ለሦስቱ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላክን፦ አራት ነን፤ አንዱ የቀድሞ የሌኒንግራድ ተማሪ ናቸው፤ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ሁለት ቀን አለን። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተዘጋጀ መርሐ ግብርና የዋጋ ዝርዝር ላኩ፤ ኤርሚታዥ፣ በፈሰሰው ደም ላይ የታነጸው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ የጀልባ ሽርሽር። መርሐ ግብሩ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን ለማንም ሰው ሊላክ የሚችል ነው። ሦስተኛዋ ዋጋ ሳትጠቅስ በጥያቄ መለሰችልን። አባትዬው የኖሩት በየትኛው ሰፈር ነው? እናትዬዋ ሳያርፉ ስንት ደረጃ ይወጣሉ? ከመካከላችሁ የማይበላው ነገር ያለው ማነው፣ በየትኛው ቀን? ማየት የማትፈልጉት ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ለአጎቴ በጣም ጣማቸው፤ «የጦር መሣሪያ ሙዚየም አልፈልግም በያት» ብለው አስጻፉኝ። ስለ ደረጃው ስንመልስላት ደግሞ ልናየው ያሰብነውን የቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል ሰገነት ራሷ ሰረዘችው፤ 262 ደረጃ ነውና ለእናትዬዋ አይሆንም አለች። በሰረዘችው ሥራ ገንዘብ ስታጣ ሳይ ልቤ ወደ እሷ አደላ። ስሟን በመዝገቡ ላይ አረጋግጠን ቀጠርናት።

ውሉን የተዋዋልነው በቴሌግራም መልእክት ነው። ዐርብና ቅዳሜ፣ በየቀኑ ሰባት ሰዓት፤ የመግቢያ ትኬቶችን ቀደም ብላ በፓስፖርታችን ስም ትገዛለች፣ ደረሰኝ አሳይታ በጥሬ ገንዘብ እንከፍላታለን፤ የታክሲው ወጪ የእኛ ነው፤ የእሷ መግቢያም ካለ የእኛ ነው። ሰዓቱን በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር እንድትጽፍ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ዕለት ልጁ በአማርኛ «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ብሎን፣ ዱባይ የለመደችው የአጎቴ ልጅ ከቀትር በኋላ መስሏት ተኝታ ስለነበር። አንድ ነገር ግን ሳንጽፍ ቀረን፤ እሱን በቦታው እመለስበታለሁ።

አስጎብኚዋ አስቀድማ የነገረችን ሌላም ቁም ነገር አለ። መንግሥት የሰጣት ምስክርነት በከተማዋ አደባባዮችና ጎዳናዎች ላይ የሚያሠራት ቢሆንም፣ ትላልቆቹ ሙዚየሞችና ቤተ መንግሥቶች በአዳራሾቻቸው ውስጥ ለሚናገር፣ የእነሱ ሠራተኛ ላልሆነ አስጎብኚ የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለጻርስኮዬ ሴሎ ፈቃድ አላት። ስለ ሞይካ 12 ግን «እዚያ የቤቱ የራሱ የድምፅ ማብራሪያ መሣሪያ አለ፤ እኔ አጠገባችሁ ብቆም የምጨምርላችሁ የለም፤ ውጭ እጠብቃችኋለሁ» አለች። አላዋቂ ብትሆን ወይም ብልጣብልጥ ብትሆን አብራን ገብታ ሰዓቷን ታስቆጥር ነበር።

ዐርብ ጥቅምት 8 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በኔቭስኪ ፕሮስፔክት ከካዛን ካቴድራል በር ተገናኘን። ካርዷ በደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የአጎቴ ባለቤት ነጠላቸውን አስተካክለው አጣፍተው ወደ በሩ ሲቃረቡ ጎንበስ አሉና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። በድንጋዩ ወለል ላይ የቀለጠ በረዶ ውኃ አለ፣ ሰዉም ከኋላ ይገፋል። አስጎብኚዋ አልሳቀችም፣ አላስቆመቻቸውምም፤ አብራ ጎንበስ ብላ የግራ ጫማቸውን ክር እንደገና እያሰረች ለአጎቴ በሩስኛ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። አጎቴም «እዚህ በጫማ ነው የሚገባው ትላለች፤ አንቺ ግን የልብሽን አድርገሻል» ብለው ተረጎሙላቸው። እትዬ ይህን ጉዞ ሲያወሩ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚያነሱት ያችን የጫማ ክር ነው።

አጎቴ በበኩላቸው ጉልላቱን ቀና ብለው እያዩ ዝም አሉ። በተማሩበት ዘመን ይህ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የሃይማኖትና የኤቲዝም ታሪክ ሙዚየም ነበር፤ እሳቸውም ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ለትምህርት ጉብኝት የገቡበት እግዚአብሔር የለም ሊባሉ ነው። አሁን በዚያው ወለል ላይ ሻማ የያዘ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። አስጎብኚዋ የሕንፃውን ታሪክ ልትጀምር አፏን ከፍታ ፊታቸውን አየችና ተወችው። ለዐሥር ደቂቃ ያህል ምንም አልተናገረችም። ከገዛናት ዐሥራ አራት ሰዓት ውስጥ ያቺ ዐሥር ደቂቃ የማይቆጨኝ ወጪ ናት።

ከዚያ በሞይካ ዳር በእግራችን ወደ ፑሽኪን ቤት ሄድን። ገጣሚው እ.ኤ.አ. በጥር 1837 ከአንድ ሰው ጋር በሽጉጥ ተፋልሞ ቆስሎ የሞተው በዚህ ቤት ነው፤ ሰዓቱም የሞተበትን ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት፣ እንዳመለከተ ቆሟል። በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ በመልሕቅ የተደገፈ የጥቁር ልጅ ምስል ያለበት የቀለም ዕቃ አለ፤ ወዳጁ ናሽቾኪን ለ1832 አዲስ ዓመት ያበረከተለት ስጦታ ነው፤ ከአፍሪካ የመጣውን የቅድመ አያቱን የአብራም ጋኒባልን ዘር ለማስታወስ ታስቦ የተሰጠ ነው። አጎቴ ከዚያች ትንሽ ምስል ፊት ለመላቀቅ እምቢ አሉ። ጠባቂዋ ሴትዮ ሦስት ጊዜ ወደፊት እንዲያልፉ ጠቆመቻቸው።

የጉዞው ትልቁ ክርክር የተነሣው ከዚያ ወጥተን ነው፤ የተነሣበትም ቦታ ቦምቦሊኖ ቤት ነው ብል ከእውነቱ አልራቅሁም። በቦልሻያ ኮንዩሼናያ ቁጥር 25 እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሩስያውያን ፒሽኪ የሚሉትን፣ በዘይት ተጠብሶ በዱቄት ስኳር የሚነሰነሰውን ክብ ሊጥ የሚሸጥ ቤት አለ፤ ከእኛ ቦምቦሊኖ የሚለየው መሐሉ ክፍት መሆኑ ብቻ ነው። አጎቴ በታክሲው ምሽት የዤልያቦቭን ጎዳና የፈለጉት ለዚሁ ኖሯል። ሰልፉ እስከ በሩ ነው፤ ቡናው ከትልቅ ጋን ከወተት ጋር ተቀላቅሎ በጣም ጣፍጦ የሚቀዳ ነው፤ የይርጋጨፌ ሰው ቢቀምሰው ቡና መሆኑን ይክዳል። አጎቴ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ጠጡት። ዐርብ ስለሆነ እትዬ አልነኩም። አስጎብኚዋ ጾማቸውን በጥያቄዋ አስቀድማ ስላወቀች፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚበሉትን ሩስያውያን ፖስትኖዬ የሚሉትን የጾም ምግብ ከሚያዘጋጅ ቤት ጠረጴዛ ይዛላቸው ነበር፤ እንጉዳይ የገባበት ግሬችካ የተባለ የእህል ቅንጬና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ቀረበላቸው።

ክርክሩ ስለ ጋኒባል ነው። አጎቴ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ፤ በአዲስ አበባ የቆመው የፑሽኪን ሐውልትም ለዚህ ምስክር ነው ይላሉ። አስጎብኚዋ ስኳሩን ከጣቷ ጠርጋ መልስ ሰጠች። ጋኒባል ራሱ በ1742 በጻፈው ማመልከቻ የተወለደበትን ከተማ ላጎን ብሎ ከመጥራት በቀር አገሩን በስም አልጠቀሰም፤ በ1899 አኑቺን የተባለው የሩስያ ምሁር ቦታውን በመረብ አካባቢ አስቀመጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ግናማንኩ የተባለው የቤኒን ተወላጅ የታሪክ ጸሐፊ በቻድ ሐይቅ ደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ወደምትገኘው ሎጎን ወሰደው፤ ዛሬ ይህኛውን የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። «እኔ የእናንተ ነው ብዬ ላስደስትዎ እችላለሁ፤ ነገር ግን ያን ካልኩ በኋላ የምነግርዎትን ሌላውን ነገር ሁሉ እንዴት ያምኑኛል?» አለች። አጎቴ ተቆጡ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «ይህን ሰው እኔ ከአንቺ ቀድሜ አውቀዋለሁ» አሏት በሩስኛ። እሷም አልተከራከረችም፤ ሌላ ፒሽኪ አስመጣችላቸው። ለእኔ ግን ገንዘባችን በትክክለኛ ቦታ መዋሉን ያረጋገጠልኝ ይህ ነው፤ ደንበኛውን ለማስደሰት ቀላል ሆኖ ሳለ የማያደርግ ሰው ስለ መዝጊያ ቀንም፣ ስለ ዋጋም አይዋሽም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በጴጥሮስ ወጳውሎስ ምሽግ፣ ታላቁ ጴጥሮስ በ1703 ከተማይቱን በቆረቆረበት ደሴት፣ የነገሥታቱ መቃብር ባለበት ካቴድራል ውስጥ ሆነን የዳግማዊ ምኒልክ መልእክተኞች በ1895 እ.ኤ.አ.፣ ከዐድዋ ጦርነት በፊት፣ በዳምጠው መሪነት መጥተው በሦስተኛው አሌክሳንደር መቃብር ላይ የወርቅ አክሊል እንዳኖሩ አጎቴ ነገሯት። አላወቀችም ነበር፤ አላወቅሁም ብላም ተናገረች፤ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ «ዳምጠው» የሚለውን ስም በሩስኛ ፊደል ጽፋ ድምፁን አስደግማ አረጋገጠች። አጎቴ ይህን ሲያዩ ረገቡ። የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ በ1923 ዓ.ም. ያዘጋጁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በወጣትነታቸው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት በዚሁ ከተማ መሆኑን ጨመሩላት፤ እሷ ደግሞ የሚካይሎቭስኪ የመድፈኛ አካዳሚ ዛሬም ከወንዙ ማዶ፣ ከፊንላንድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እንደሚገኝ ነገረቻቸው። እሷ ቦታውን ታውቃለች፣ እሳቸው ሰውየውን ያውቃሉ፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ ሲናገሩ የምሽጉ ደወል እስኪደወል ድረስ ማንም ሰዓቱን አላየም።

ቅዳሜ እንደገና ጻርስኮዬ ሴሎ ሄድን። ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት። ፑሽኪን የተማረበት ሊሴ የተከፈተው በ1811 ኦክቶበር 19 ቀን በመሆኑ፣ ያ ቀን፣ ዘንድሮ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 9 የዋለው፣ በየዓመቱ ይታሰባል፤ ከቤተ መንግሥቱ ጋር በቅስት በተያያዘው ትምህርት ቤት አጠገብ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉንጩ ላይ ባስደገፈው የፑሽኪን ሐውልት እግር ሥር ሰዎች አበባ አኑረው አየን። ማክሰኞ በዚያው አግዳሚ አጠገብ ያለፍን ቢሆንም ማን እንደሆነ እንኳ አላስተዋልንም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የገባነው በተያዘልን ሰዓት ነው። የአምበር ክፍሉ፣ ግድግዳው በጠነከረ የዛፍ ሙጫ የተለበጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን ጦር ተነቅሎ ተወስዶ የጠፋ ሲሆን፣ የዛሬው ከ1979 ጀምሮ ተሠርቶ በ2003 የተከፈተ ነው። ስለ ቀረው አዳራሽ ሁሉ የምጨምረው የለኝም፤ ወርቅ ብዙ ነው፣ ሰውም ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከመነሻው ያላሰብነው የቋንቋ ችግር ሰዓታችንን በላው። አስጎብኚዋ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ የአጎቴ ልጅ ለእናቷ በአማርኛ ትመልሳለች፤ እናትዬዋ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ተመልሶ ይተረጎማል። ሰባት ሰዓት የገዛን ቢመስለንም በተግባር የሰማነው የአራት ሰዓት ያህል ነገር ነው። አስጎብኚዋ ይህን ከዐርቡ ተረድታ ኖሮ ቅዳሜ ንግግሯን ቆራረጠችው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ትቆማለች፣ ትርጉሙ ሲያልቅ እትዬን ዐይን ዐይናቸውን እያየች ትቀጥላለች። እንዲህም ሆኖ መርሐ ግብሩ ተጎተተ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ሩስያዊው ገጣሚ ጉሚልዮቭ ከሐረርና ከአካባቢው የሰበሰባቸው ዕቃዎች በስብስቡ ውስጥ የሚገኙበትን የኩንስትካሜራ ሙዚየም ለማየት ያሰብነው ሳይሆን ቀረ።

ሳንጽፈው የቀረነው ነገር የተነሣውም በዚያው ቅዳሜ ነው። በውላችን መሠረት 17፡00 ላይ መለያየት ነበረብን፤ የተለያየነው 18፡40 ላይ ሆቴሉ በር ላይ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህሉን የፈጀው ምሳ ነው። የምሳ ሰዓት ከሥራ ሰዓት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ተጨማሪ ሰዓትስ በስንት ይታሰባል? አልተነጋገርንበትም። እሷ ምሳውን እንደ ሥራ ቆጥራዋለች፤ ምክንያቷም ጠረጴዛው ላይ ሆና ስታስተረጉምና ስትመልስ መቆየቷ ነው፤ ይህ እውነት ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ምሳዋን እኛ ከፍለን ሰዓቷንም እኛ ልንከፍል ነው ወይ ብላ ተከራከረች፤ ይህም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ብርዱ ላይ ቆመን አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋግረን፣ የምሳውን ሰዓት ትታ የቀረውን አርባ ደቂቃ እንድንከፍላት ተስማማን። ለሁለታችንም ደስ የሚል አጨራረስ አልነበረም። አጎቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው ልጃቸው ሳታያቸው የምሳውንም ሰዓት ሒሳብ በኪሷ እንደጨመሩላት በኋላ ደረስኩበት፤ እኔም በማስታወሻዬ ላይ «ልዩ ልዩ» ብዬ አሰፈርኩት።

እሑድ አስጎብኚ አልነበረንም። አጎቴ የመጀመሪያውን ልጅ ጠርተው «ዛሬ አስጎብኚ አይደለህም፤ ክንዴን ይዘህ ትሄዳለህ» አሉትና በቫሲልየቭስኪ ደሴት ወደ ቀድሞ ማደሪያቸው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። በዚህ ሥራ ልጁ እኩያ አልነበረውም፤ አውቶቡሱን ያውቀዋል፣ አጎቴ ሲደክማቸው ሳይነግሩት ያርፋል፣ የማደሪያ ቤት ኑሮ ምን እንደሆነም እየኖረው ነው። በሩ ላይ የተቀመጠችው ጥበቃ ሴትዮ ከማገጃው አላሳለፈችንም፤ ልጁ ለመናት፣ አጎቴም የተማሩበትን ዓመት ነገሯት፣ አልሆነም። ወደ ውጭ ወጥተን ከመንገዱ ማዶ ቆምን። አጎቴ በጣታቸው ከታች ወደ ላይ ቆጠሩ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው መስኮት። መስኮቱ ላይ ፌስታል ውስጥ የተንጠለጠለ ምግብ ነበር። ልጁ «እኛም ማቀዝቀዣ ሲሞላ እንዲሁ ነው የምናደርገው» አላቸው።